ለእናቷ የቆጠበችው ድምፅ

ይህቺ መምህርት ጂኦግራፊ ስታስተምር በመስኮቱ ሥር የሚያልፍ ሰው ሁሉ ሳይወድ በግዱ ይማር ነበር። ከጎኗ ባለው ክፍል ሒሳብ የሚያስተምረው ባልደረባዋ፣ «የኔ ተማሪዎች ፈተና ላይ ስለ ምድር ወገብ እየጻፉልኝ ተቸገርኩ» እያለ ይቀልድባት ነበር። ድምፅዋ ግን ጩኸት አልነበረም፤ ይህን ብዙ ሰው አያስተውለውም። ጩኸት ጉሮሮ ላይ ይቀራል። የእሷ ከደረቷ ተነስቶ፣ ዝቅ ብሎ፣ እየተንከባለለ ሄዶ የመጨረሻው ወንበር ላይ ተጎልተው ወሬ የሚሰልቁትን ልጆች ጆሮ የሚይዝ ድምፅ ነበር።

ክፍሉ እንኳ ክፍል ለማለት ያህል ነው። አግዳሚ ወንበር ላይ ተጠጋግተው ያልተቀመጡት ልጆች መስኮት ላይ ይቀመጣሉ፤ መስኮቱ መስተዋት የለውም፤ ከመስኮቱ ባሻገር ደግሞ የጭነት መኪና የሚያልፍበት ዳገት አለ። መኪና ሁሉ እዚያ ሲደርስ ማርሽ ይቀይራል። እሷ ታዲያ ዓመት ከዓመት ከመኪና ጋር እየተፎካከረች የጠመኔ ብናኝ እየማገች አስተማረች። ጉሮሮዋ መሻከር ሲጀምር ማርና ሙቅ ውሃ ጠጣች። መሻከሩ ሲበረታ አንገቷን በሻርፕ ጠቀለለች። አንድ ቀን ስለ ንፋስ አቅጣጫ እያስረዳች ሳለ ድምፅዋ መሀል ላይ ተቆረጠ። ልጆቹ ሳቁ። ሁለተኛ ሞክራ ሲቆረጥባት ግን የሳቀ አልነበረም።

ሐኪሙ ቀጭን መሣሪያ አስገብቶ ጉሮሮዋን ካየ በኋላ ወንበሩን ጠጋ አድርጎ ተቀመጠ። ደግ ሰው ነው፤ የሚያስፈራውን ነገር በቤት ዕቃ እያስመሰለ መናገር ይወዳል።

«መምህርት፣ ድምፅዎ እንደ ሳሙና ነው ብለው ያስቡት። አላለቀም። ግን ሳስቷል። ከእንግዲህ በዚህ ሳሙና ልብስ ማጠብ አይቻልም። ፊት ለመታጠብ ያህል ይበቃል።»

«ማስተማርስ?» አለች በተሰነጠቀ ድምፅ።

«እሱን ይርሱት። በዝግታ፣ በጥቂቱ ይናገሩ። እንዳይጮሁ ብቻ አደራ። አንዴ ቢጮሁ የቀረውን አላውቅልዎትም።»

ትንሽ አሰበችና፣ «ለአንድ ሰው ይበቃል?» ብላ ጠየቀችው።

ሐኪሙ ባል ያላት መስሎት ፈገግ አለ። «ለአንድ ሰውማ ይበቃል» አላት።

ያ አንድ ሰው እናቷ ናቸው።

እናቷ ወጣትነታቸውን የጨረሱት ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ፣ በሽመና ማሽኖች መካከል ነው። «ጆሮዬን ሰጠኋቸው፣ ጡረታ ሰጡኝ» ይላሉ ሲቀልዱ። ዐይናቸውንም ሞራ ለብሶታል፤ ሐኪሞቹ ከሞራው ኋላ ያለውም ስለተጎዳ ቀዶ ጥገናው አይረባም ብለዋቸዋል። ብርሃንና ጥላ ይለያሉ፣ ጽሑፍ ግን አይለዩም። የማዳመጫ መሣሪያም ተገዝቶላቸው ነበር። አንድ ቀን አድርገውት ውለው፣ «ኧረ ጆሮዬ ውስጥ ማንቆርቆሪያ ጣዳችሁብኝ!» ብለው አውጥተው ወረወሩት። አሁን መሳቢያ ውስጥ ከአሮጌ ቁልፎችና ከክር ጋር ተኝቷል።

ጎረቤት ሲመጣ ይጮህላቸዋል፣ አይሰሙም። ወንድ ልጃቸው አልፎ አልፎ ሲመጣ አፉን ጆሯቸው ላይ ገጥሞ ይጮሃል። እሳቸው ሸሸት ብለው፣ «ምን ሆኖ ነው ይኼ ልጅ? ተቆጥቶ ነው?» ይላሉ። የሁሉም ድምፅ ለእሳቸው እንደ ንብ እምምታ ነው። የሴት ልጃቸው ድምፅ ብቻ፣ ያ የመጨረሻው ወንበር ድረስ የሚሄደው ዝቅ ያለ ድምፅ ብቻ፣ ቃል ሆኖ ይደርሳቸዋል። ለምን እንደሆነ ማንም አላወቀም። ምናልባት ከማሽን ድምፅ ሥር ለሥራ ጓደኛ መናገርን ለልጃቸው ያወረሱት ራሳቸው ይሆናሉ።

ማታ ማታ ልጅቷ ከሥራ ስትገባ አልጋቸው አጠገብ ካለችው ዝቅተኛ በርጩማ ላይ ትቀመጣለች። እናቷ እጃቸውን ዘርግተው መዳፋቸውን ከአንገቷ ሥር፣ ድምፅ ከሚነዝርበት ቦታ ላይ ያሳርፋሉ። «ሬዲዮዬ መሥራቱን ልይ» ይላሉ። ከዚያ ወሬው ይጀመራል። ርዕሰ መምህሩ ምን እንዳለ፣ የጎረቤት ልጅ ማንን እንዳጨ፣ የትኛው ተማሪ ካርታ ላይ ባሕሩን ቡናማ ቀብቶ የብሱን ሰማያዊ እንዳደረገ፣ ሁሉም ይነገራል። እናቷ የሰፈሩን ሰው አብዛኛውን በዐይናቸው አይተውት አያውቁም፣ ግን የእያንዳንዱን ጠባይ ያውቃሉ፤ ያማሉም። ዓለም የምትገባላቸው በዚያች አንዲት ድምፅ በኩል ነበር።

እንግዲህ መምህርቷ ጠመኔዋን ያስቀመጠችው ለዚህ ነው። ሰው «ለጤናዋ» አለ፤ እሷም «ለጤናዬ ነው» እያለች አለፈችው። ያን ጊዜ የጂኦግራፊ መምህራን ማኅበር መጽሔት ከአዘጋጆቹ አንዱ በጡረታ ተሰናብቶበት ሰው ይፈልግ ነበር። ርዕሰ መምህሩ ስሟን አነሳ። በመጨረሻው ቀን ትምህርቱን በሙሉ ሰሌዳ ላይ ጽፋ አስተማረች። ልጆቹ ገለበጡ። ከፊት የተቀመጠች ተማሪ እጇን አውጥታ፣ «ቲቸር፣ ተቀይመውን ነው?» ብላ ጠየቀች። መምህርቷ ራሷን በአሉታ ነቀነቀች፤ ጠመኔውንም ሳህኑ ላይ አኑራ ወጣች።

የመጽሔቱ ቢሮ ከጫማ መደብር በላይ ያለ አንድ ክፍል ነው። ደረጃው ጠባብ፣ ክፍሉ ሙቅ፣ ጠረጴዛው አንድ እግሩ አጥሮ ያልተሸጡ የቀድሞ እትሞች ተደራርበው ደግፈውታል። ዋና አዘጋጁ በጡረታ ላይ ያሉ የጂኦግራፊ መምህር ናቸው፤ ሁሉም «ጋሼ» ይላቸዋል። ገጹን የምታቀናብረው ወጣት ሴት ደግሞ ከኮምፒውተሯ ፊት ተነስታ የማታውቅ፣ አንድ ጆሮዋ ላይ ሁልጊዜ ማዳመጫ የሰካች ልጅ ናት። ቡድኑ ይኸው ነው። ሌሎች ስሞች የውስጥ ሽፋኑ ላይ ተደርድረዋል፣ ሰዎቹ ግን ለስብሰባ ሻይ ካልሆነ ደረጃውን አይወጡም።

ሥራውን ወደደችው። ከየገጠሩና ከየከተማው መምህራን የላኩትን ጽሑፍ ታነባለች፣ ትቆርጣለች፣ ትቀጥላለች። አንዱ ስለ ዝናብ ሲጽፍ ንፋስ የሚባል ነገር መኖሩን ጨርሶ ረስቷል። ሌላዋ አንቀጽ በጀመረች ቁጥር «እንደሚታወቀው» ትላለች፤ ቀጥሎ የሚመጣው ግን ማንም የማያውቀው ነው። ክፍል ውስጥ ልጆቹን ላለማሸማቀቅ እንደምትጠነቀቀው ሁሉ፣ ለጸሐፊዎቹም ተጠንቅቃ ኅዳጉ ላይ በእርሳስ ትጽፍላቸዋለች። ሳትናገር ማስተማር እንደሚቻል ስታይ አንዳንዴ ሆዷ ይባባ ነበር፣ አንዳንዴም ደስ ይላት ነበር።

ጋሼ አንድ ልማድ አላቸው። የመጨረሻው የእርማት ወረቀት ወጥቶ ወደ ማተሚያ ቤት ከመሄዱ በፊት ከዳር እስከ ዳር ጮክ ተብሎ ካልተነበበ አያምኑም። «ዐይን ይሰርቃል፣ ጆሮ ግን ሌባውን ይይዛል» የሚል የራሳቸው ፍልስፍና አላቸው። አንዱ ያነባል፣ ሌላው በማስመሪያ መስመር በመስመር እየተከተለ ያያል። መምህርቷ ይህን ስትሰማ ልቧ ድንግጥ አለ፤ አንባቢ ሁኚ የሚሏት መስሏት ነበር። ደግነቱ ጋሼ የገዛ ድምፃቸውን የሚወዱ ሰው ናቸው። ደረታቸውን ነፍተው፣ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ ሰቅለው፣ ሥርዓተ ነጥቡን ሳይቀር ያነባሉ። «ወንዙ ወደ ምሥራቅ ይታጠፋል፣ ነጠላ ሰረዝ፣ ከዚያም ይሰፋል፣ አራት ነጥብ!» እሷ በማስመሪያዋ ትከተላለች። የሚያናግራት ሰው ማግኘት፣ ያውም መልስ የማይጠብቅ፣ ለእሷ ዕረፍት ነበር።

ሲጠይቋት በሹክሹክታ ወይም በራስ ንቅናቄ ትመልሳለች። ቀኑን ሙሉ እንዲህ ቃሏን እየሰሰተች የምትውለው ማታ ለእናቷ እንዲተርፋት ነው። ይህን ግን ለማንም አልተናገረችም። አቀናባሪዋ «እትዬ ሹክሹክታ» የሚል ስም አወጣችላት፤ ጋሼም ተቀበሉት። «እትዬ ሹክሹክታ ምን አሉ?» ይላሉ፣ «ያልሰማ ካለ እኔም አልሰማሁም!» ሦስቱም ይስቃሉ። ማታ ስትገባ ግን በርጩማዋ ላይ ተቀምጣ፣ የእናቷን መዳፍ አንገቷ ሥር አድርጋ፣ የቀኑን ቁጠባ ታወጣለች። ወሬው እንደ ድሮው ረጅም አይደለም። እናቷ አልፎ አልፎ «ሬዲዮዬ ባትሪው ደክሟል» ይላሉ፣ ግን ይሰማሉ። ስለ ጋሼ ስታወራላቸው ሆዳቸውን ይዘው ይስቃሉ። «አራት ነጥብ! በይ ድገሚልኝ» ይላሉ።

እንዲህ ሆኖ ቢቀጥል ማንን ይጎዳ ነበር?

በዚያ እትም ውስጥ አንድ ሩቅ ቦታ ያለ መምህር የላከው ጽሑፍ ነበረ፤ ተማሪዎችን በእግር ወንዝ መነሻ ድረስ ወስዶ ማስተማርን የሚመለከት። መምህሩ ካርታ ሠርቷል። መንገዱ፣ ምንጩ፣ ማረፊያ ዛፉ ሁሉ አለበት፤ ከሥሩም «አንድ ሴንቲ ሜትር አንድ ኪሎ ሜትር ነው» ብሎ ስኬሉን በጽሑፍ አስቀምጧል። የእርማት ወረቀቱ ጮክ ተብሎ ተነበበ፤ ሥራው አለቀ ተባለ። ሊላክ ሲል ለጋሼ ስልክ ተደወለላቸው። የማኅበሩ ሊቀመንበር ለጉባኤ ጥሪ የሚሆን ቦታ ይፈልጋሉ፣ ያውም በዚያ ገጽ ላይ።

«እትዬ፣ ይህን ካርታ በግማሽ ብናሳንሰው ይነበባል?» አሉ ጋሼ።

ካርታውን አየችው። መስመሩ ወፍራም ነው፣ ይነበባል። ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች። አቀናባሪዋም ወዲያው አሳነሰችው።

ስሕተቱ እዚህ ላይ ነው፣ ጂኦግራፊ ያላስተማረ ሰው ላያየው ይችላል። ካርታ ሲያንስ መንገዱ አብሮ ያንሳል፣ ከሥሩ የተጻፈው ቃል ግን አያንስም። ቁመቱ በግማሽ የቀነሰ ካርታ ላይ አንድ ሴንቲ ሜትር ሁለት ኪሎ ሜትር ሆኗል፤ ጽሑፉ ግን አሁንም አንድ ነው ይላል። መምህርቷ ይህን በየዓመቱ ታስተምር ነበር። በመስመር የተሳለ ስኬል ከካርታው ጋር ያድጋል፣ ከካርታው ጋር ያንሳል፤ የተጻፈው ግን ይዋሻል እያለች ማስመሪያዋን ሰሌዳው ላይ ትመታ ነበር። በዚያች ቅጽበትም አውቃዋለች። «ስኬሉም ይቀየር» ልትል ከንፈሯን አላቀቀች። አቀናባሪዋ ማዳመጫዋን ሰክታለች፣ ጋሼ ስልክ ላይ ናቸው፤ ለማሰማት ድምፅ ከፍ ማድረግ ሊኖርባት ነው። ማታ ደግሞ ለእናቷ ስለ ጎረቤታቸው ሠርግ ሙሉውን ልትነግራቸው ቃል ገብታለች። በኋላ ጽፌ እሰጣታለሁ ብላ ከንፈሯን መልሳ ገጠመች። ከዚያ ሻይ መጣ፣ ከዚያ ሌላ ጽሑፍ መጣ፣ ነገሩ ከአእምሮዋ ወጣ። ካርታ ደግሞ ጮክ ተብሎ የሚነበብ ነገር አይደለምና የጋሼ ጆሮ ይህን ሌባ ሊይዘው አልቻለም።

በማግስቱ ማተሚያ ቤት የሄደችው እሷ ናት፤ ጋሼን ጉልበታቸውን አሟቸው ነበር። ሥራዋ የመጀመሪያውን ደህና ወረቀት አይቶ «ይታተም» ብሎ መፈረም ነው። ማሽኗ ቤት የምታክል ናት። ጩኸቷ ወለሉን አልፎ ጫማ ውስጥ ይገባል። ሠራተኛው ወረቀቱን አምጥቶ ሰጣት፤ ቀለሙን አየች፣ የገጾቹን ቅደም ተከተል አየች፣ ፈረመች። ሠራተኛው አውራ ጣቱን ቀስሮላት ወደ ማሽኑ ማዶ ሄደ፤ ደረጃው ላይ ወጥቶ ጀርባውን ሰጣት፤ ማሽኗም ፍጥነቷን ጨመረች።

እሷ ወረቀቱን ይዛ ለመሄድ ተነሳች። ከቦርሳዋ ማስመሪያዋን ያወጣችው እንዲያው በልማድ ነው። ለዓመታት ካርታ ባየች ቁጥር የምታደርገው ይህንኑ ነበር። ማስመሪያውን ከመነሻው እስከ ምንጩ አጋደመችው። ካርታው ላይ የተነበበው ርቀት ጽሑፉ ውስጥ መምህሩ ከተናገረው እኩሌታ ብቻ ሆነ። ደግማ ለካች፤ ያው ነው። የሆነ ቦታ ያለ አንድ መምህር ይህን አምኖ ልጆቹን ሰብስቦ ሲነሳ፣ ውሃቸው መሀል መንገድ ላይ ሲያልቅ ታያት። ፊርማዋ ደግሞ ወረቀቱ ላይ እርጥብ ነው።

እጇን አወዛወዘች፣ ሠራተኛው አላያትም። ማንም እንዳያልፍ የተደረገውን የብረት አጥር በማስመሪያዋ መታች፣ ማሽኗ ዋጠችው። ወረቀቱ እየተከመረ ነው። ዞራ ወደ ቢሮው መሮጥ ትችል ነበር። ጥቂት ክምር ወረቀት ይበላሽ ነበር እንጂ የሚሞት ሰው አልነበረም። ኋላ ብዙ ቀን ያብሰለሰላት ይኸው ነው። በዚያች ሰዓት ግን አላሰበችም። ኮሪደር ላይ የሚሮጥ ልጅ እንደምታቆምበት ጊዜ፣ ደረቷ ራሱ ተከፈተ።

«አቁሙ!»

ድምፅዋ ማሽኗን አለፈ። ሠራተኛው ዘሎ ወረደና ቀዩን ቁልፍ መታው። ቤቱ ጸጥ ሲል ሰው ሁሉ ዘወር ብሎ አያት።

«ኧረ እህቴ! ወታደር ቤት ነበርሽ እንዴ?» አላት ሠራተኛው እየሳቀ። «እንዲህ ያለ ድምፅ ከዚህች አንገት?»

እሷ ካርታውን በማስመሪያዋ ጫፍ አሳየችው። ልታስረዳው አፏን ከፈተች፣ ከአየር በቀር የወጣ ነገር የለም። ጉሮሮዋ ውስጥ አንድ ነገር እንደ አሮጌ ጨርቅ ተተርትሯል። ወረቀት ጠይቃ ጻፈችለት።

ካርታው ተስተካከለ። የተበላሸው ወረቀት ለመጠቅለያ ሄደ። ጋሼ እያነከሱ መጥተው፣ «እትዬ ሹክሹክታ ማተሚያ ቤቱን አናጋችው አሉኝ!» ብለው ትከሻዋን መታ መታ አደረጓት። አቀናባሪዋ ስሕተቱ የእሷ መስሏት አለቀሰች። መምህርቷ አቀፈቻት። የሥራ ባልደረቦቿ እውነተኛ ድምፅዋን የሰሙት ያን ቀን ብቻ ነው፤ ያውም በሰው አፍ።

ማታ እናቷ እንደ ልማዳቸው እርምጃዋን በወለሉ ንዝረት አወቁት።

«መጣሽ? በይ እስቲ የሠርጉን ነገር ትናንት ጀምረሽ ነው የተውሽው። ሙሽራዋ ምን አለች?»

በርጩማዋ ላይ ተቀምጣ ሞከረች። እናቷ ጆሯቸውን አቀረቡ። «እ?» አሉ። ጆሯቸውን ይበልጥ አቀረቡ። «እ? ልጄ፣ ትንሽ ከፍ አድርጊው።» ሞከረች። እናቷ ቀጥ ብለው ተቀመጡ፤ ፊታቸው ቀስ በቀስ ተለወጠ።

«ሄደ ማለት ነው» አሉ። «ጆሮዬ ጨርሶ ሄደ።»

እጃቸውን ወደ አንገቷ ሲዘረጉ ያዘችውና በሁለት መዳፎቿ መካከል አስቀመጠችው። ከድሮ ጀምሮ በእጅ ጭመቃ ይግባቡ ነበር፤ አንዴ መጭመቅ አዎ ነው፣ ሁለቴ አይደለም ነው።

«ጆሮዬ ነው አይደል?» አሉ።

እጃቸውን አንዴ ጨመቀችው።

ውሸቱን የመረጠችው ለምን እንደሆነ እኔ ይገባኛል። ሐኪሙ በነገታው አይቷት፣ «ደም ቋጥሯል፤ ለጊዜው ትንፍሽ አይበሉ፣ እናያለን» ብሏታል። እናያለን ማለት ተስፋ ነው። ድምፅዋ ሲመለስ፣ «እማዬ፣ ጆሮሽ ዳነ!» ልትላቸው አስባ ነበር። እናቷ ልጄ ድምፅዋ ጠፋ ብለው ከሚያዝኑ፣ ለጥቂት ሳምንት ጆሮዬ ሄደ ብለው ቢያዝኑ ይሻላል አለች። የትኛው እንደሚከብድ ግን ማንንም አልጠየቀችም፣ የምትጠይቅበትም አልነበራትም።

እነዚያ ሳምንታት ከባድ ነበሩ። እናቷ መጀመሪያ ሰሞን፣ «ጩኺ ልጄ፣ አትፍሪ፣ ጎረቤት ቢሰማ ይስማ፣ ጩኺልኝ» ይሏት ነበር። እሷ ከንፈሯን ነክሳ እጃቸውን ትይዛለች። ቆይተው መለመኑን ተዉት። ያን ማዳመጫ ከመሳቢያ አስወጥተው ራሳቸው ጆሯቸው ውስጥ ሰኩት፤ ማንቆርቆሪያው ሲጮህባቸው እንኳ ዐይናቸውን ጨፍነው ቀኑን ሙሉ ታግሠውት ዋሉ። ማታ አውጥተው በእጇ አኖሩላት። «ይቅርታ አድርጊልኝ» አሏት። «ብዙ ደከምሽ፤ እኔ ነኝ ያልሰማሁሽ።» ሠርጉ ሳይነገር ቀረ። ጎረቤት ታሞ ተነሳ፣ አልሰሙም። ስለ ጋሼ መጠየቅ ተዉ። ልጃቸው ስትገባ ፈገግ ይላሉ፣ ከዚያ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው ያዞራሉ። እሷ ኩሽና ገብታ ታለቅሳለች፣ ለቅሶዋም ድምፅ አልነበረውም።

ሐኪሙ የመጨረሻውን ነገር ሲነግራት በሳሙና አላስመሰለውም። ጠባሳው ደርቋል አላት። ትንፋሽ እንጂ ድምፅ ከእንግዲህ አይኖርም አላት። አመስግናው ወጣች፤ በትንፋሽ።

ወደ ቢሮ ስትሄድ መጽሔቱ ታትሞ ደርሷል። ጋሼ አንድ ቅጂ አንስተው በክብር ሰጧት። ካርታው ያለበት ገጽ ላይ ደረሰች፤ ትንሽ፣ ጥርት ያለ፣ ትክክለኛ። ስኬሉ እንደሚገባው ሆኗል። እንዲህ እንዲሆን ምን እንደተከፈለ የሚያውቅ አንባቢ አንድም አይኖርም፣ እንዲያውቅም አይጠበቅበትም። ይዛው ወደ ቤት ሄደች።

እናቷ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ነበር። መጽሔቱን ጉልበታቸው ላይ አኖረችላቸው። ዳሰሱት፣ አሸተቱት።

«ይኼ ነው ሥራሽ?»

አንዴ ጨመቀቻቸው።

«አዲስ ነው፤ ቀለሙ ይሸታል። ምን ይላል?» አሉ፤ ወዲያው ደግሞ መጠየቃቸው አሳፈራቸውና፣ «ተይው፣ አልሰማሽም» አሉ። ከዚያ ሳታስበው እጃቸውን ዘርግተው መዳፋቸውን ከአንገቷ ሥር አሳረፉ። «ግድ የለም፣ ባልሰማም አንብቢልኝ። ሬዲዮው ሲነዝር ይሰማኛል። እሱ ይበቃኛል።»

እጃቸውን ልታነሳው ትችል ነበር፤ ሳምንታቱን ሁሉ እንዲያ ነበር ያደረገችው። ደከማት። ካርታው ያለበትን ገጽ ገልጣ አነበበች፤ ከንፈሯ ቃሉን ሁሉ አንድ በአንድ አወጣ። ወንዙ ወደ ምሥራቅ ይታጠፋል። ከመዳፉ ሥር ግን አንዳች የሚነዝር ነገር አልነበረም። የደም ሥሯ ብቻ ይመታል።

እናቷ ለረጅም ጊዜ እጃቸውን አላነሱም። ጣታቸውን ወደ ላይ ወደ ታች አንቀሳቀሱ፣ እንደጠፋ መርፌ ፈለጉት።

«የኔ ጆሮ አይደለማ» አሉ በመጨረሻ።

ሁለቴ ጨመቀቻቸው።

«ዋሸሽኝ።»

አንዴ።

«እኔ ደግሞ በጆሮዬ ሳዝን...» አንገቷን በሁለት እጃቸው ያዙ። «ማን ላይ ጨረስሽው ልጄ? ለማን ጮኽሽ?»

ለዚህ ጥያቄ በእጅ ጭመቃ የሚሰጥ መልስ የለም። ካርታውን በጣታቸው ላይ አድርጋ አስዳሰሰቻቸው፤ ለስላሳ ወረቀት ነው፣ ምንም አይናገርም። እናቷ እንባዋ መዳፋቸው ላይ ሲወርድ አወቁና ወደ ደረታቸው ሳቧት። አልተቆጧትም። ብትችል መቆጣታቸውን ትመርጥ ነበር።

ቆይተው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። የእሷን እጅ አንስተው በራሳቸው አንገት ሥር፣ ልክ ድምፅ በሚነዝርበት ቦታ ላይ አኖሩት።

«እሺ። ከዛሬ ጀምሮ እኔ ልንገርሽ» አሉ። «ተራው የኔ ነው። አንቺ ደክሞሽ ገብተሻል፣ ቁጭ በይና ስሚ።»

እጇ ሥር የእናቷ ድምፅ ነዘረ፤ ዝቅ ያለ፣ ከደረት የሚነሳ ድምፅ ነው።

«ዛሬ...» አሉ። ወደ መስኮቱ ብርሃን ዞሩ፤ አሰቡ። «ጠዋት ፀሐይ ነበረ መሰለኝ፣ ብርድ ልብሱ ሞቆኝ ነበር። ከዚያ ሻዩን ጠጣሁ። ከዚያ ደግሞ...» ክፍሉን ሁሉ በማያየው ዐይናቸው ዞሩት፤ አልጋው፣ ግድግዳው፣ በርጩማዋ። ስለ እሱ የሚያወሩላት ሰው የለም፣ የሰሙት ወሬ የለም፣ ያዩት ነገር የለም።

«ከዚያ ደግሞ አንቺን ጠበቅሁ» አሉ።